አል-ኸዋሪዝሚና የአልጀብራ ቁም ነገር

አልጀብራን ለዓለም ያበረከተው ሙስሊም ነው እያልን የምንኩራራ ብዙዎች ነን። ሰውየው ምን እንደሠራ ስንጠየቅ ግን ከስሙ አልፈን የምንናገረው ጥቂት ነው።

ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው በ780 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደሆነ ይገመታል። በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን (813-833) በባግዳዱ በይቱል ሒክማ ሠርቷል። ስለ አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ ሒሳብ የጻፈው ዝነኛ መጽሐፍ ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድና በመሬት ልኬት ለሚገጥማቸው ችግር የተዘጋጀ ነበር። ሰፊውን ክፍሉን የያዘውም የውርስና የኑዛዜ ስሌት ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ እኩልዮሾችን በስድስት ዓይነት ለይቶ ለእያንዳንዱ የራሱን ደንብ ሰጠ። የዛሬዎቹ ምልክቶች ስላልነበሩ ሁሉንም በቃላት ጻፈ። አምስተኛውን ዓይነት እንመልከት፦ አንድ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ 21 ሲጨመርበት የቁጥሩን አሥር እጥፍ ይሆናል። መልሱ 3ም 7ም ነው። የ10 ግማሽ 5፣ በራሱ ሲባዛ 25 ነው። በ21 ፈንታ የሚጨመረው ከ25 ካነሰ ሁለት መልስ አለ፤ ልክ 25 ከሆነ አንድ ብቻ፣ እርሱም 5 ነው፤ ከ25 ከበለጠ ግን መልስ የለም። ስለዚህ ከማስላት በፊት የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለን መለየት ግድ ነው።

ዛሬ ተማሪዎቻችንን የሚያስቸግረው፣ ደንቡ ከክልል ክልል የሚለዋወጠው ፈንክሽን የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ግራፍ የመጣው ከአል-ኸዋሪዝሚ ብዙ ዘመን በኋላ ቢሆንም፣ ምሳሌው በእጃችን አለ። በበግ ዘካ ከ40 በታች ግዴታ የለም፤ ከ40 እስከ 120 አንድ በግ፣ ከ121 እስከ 200 ሁለት፣ ከ201 እስከ 399 ሦስት ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ለየመቶው አንድ ነው። ይህ በግራፍ ሲነሳ እንደ ቤት ደረጃ ነው፦ ጠፍጣፋ ይሄድና በ121ኛዋ በግ ድንገት ይዘላል። ደንቡን ሳያጣራ ለየ40ው አንድ ብሎ የሚያሰላ ሰው 120 በግ ካለው ባለንብረት በአንድ ፈንታ ሦስት ይወስዳል። የስሌት ስህተት የሰው ሐቅ መንካት የሚሆነው እንዲህ ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ በ850 ገደማ አረፈ። መጽሐፉ በ1145 በእስፔን ወደ ላቲን ተተረጎመ። አልጀብራ የሚለው ቃል ከመጽሐፉ ርእስ፣ አልጎሪዝም የሚለውም ከስሙ የተወሰደ ነው። ስሙን ዓለም ይዞታል፤ እኛ ለልጆቻችን ማስያዝ ያለብን ከማስላቱ በፊት ሁኔታውን የመለየት ልማዱን ነው።