ሴና፦ የዝናቡ ንጉሥና የታምቡሬሎ ጉብታ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ኳስ በምናይባቸው ዲኤስቲቪ ቤቶች አንድ የታወቀ ነገር አለ። እሁድ ከሰዓት ቻናል ሲቀያየር የመኪና ውድድር ብቅ ካለ ቤቱ በሙሉ ቀይረው ብሎ ይጮሃል። እውነት ነው፣ የኛ ሰው ነፍሱ ኳስ ናት። ዛሬ ግን ትንሽ ታገሱኝና ስለ አንድ ሾፌር ላውጋችሁ። ብራዚላዊ ነው፣ የኮረንቲያንስ ደጋፊ ነው፣ ስሙም አይርተን ሴና ይባላል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሴና ማርች 21 ቀን 1960 ሳኦ ፓውሎ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የአራት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ የሳር ማጨጃ ሞተር የተገጠመላት ትንሽ የካርት መኪና ሠሩለት። በ13 ዓመቱ ውድድር ጀመረ። በዝናብ የተወዳደረ ጊዜ ግን መኪናዋ እየተንሸራተተች አሳፈረችው። ከዚያ በኋላ ልጁ እልህ ያዘው። ሰማዩ በጠቆረ ቁጥር ሌላው ወደ ቤቱ ሲሮጥ እሱ ካርቷን ይዞ ይወጣ ጀመር።

ለመሆኑ ዝናብ ምን ያህል ልዩነት ያመጣል? ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ቁልቁለቱን የሚወርድ የአይሱዙ ሾፌር ጠይቁ። ከበጋው በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያ ካፊያ ከክረምቱ ዶፍ ይብሳል። አስፋልቱ ላይ የከረመው አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ፍቅፋቂ ከውኃው ጋር ተለውሶ መንገዱን ሳሙና ያደርገዋል። የፎርሙላ ዋን መኪና ደግሞ ይህንኑ የሚጋፈጠው ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ ነው። ሴና አስፋልቱ የት እንደሚይዝ፣ የት እንደሚከዳ በመሪው በኩል ያነበዋል ይባልለት ነበር። ሌሎቹ በለመዱት መስመር ሲሄዱ እሱ ጎማ ያልረገጠውን፣ ሻካራውን የመንገዱን ክፍል ፈልጎ ያልፋል።

በ1984 ቶልማን በምትባል ደካማ መኪና ፎርሙላ ዋንን ተቀላቀለ። ሞናኮ ላይ በከባድ ዝናብ ከ13ኛ ተነስቶ መሪውን አላን ፕሮስትን ሊደርስበት ሲል ውድድሩ በ31ኛው ዙር ተቋረጠ። ሁለተኛ ወጣ። በዓመቱ በሎተስ መኪና ፖርቱጋል ኢስቶሪል ላይ፣ አሁንም በዝናብ፣ የመጀመሪያ ድሉን አገኘ።

በዚያው በ1985 ቤልጅየም ስፓ ላይ የሆነው ነገር ግን ለኛ ወሬ ይበልጥ ይጠቅማል። አዘጋጆቹ ዝናብ የሚያስቸግረውን ትራካቸውን ውኃ በሚያሳልፍ አዲስ አስፋልት አለበሱት። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ችግሩ አስፋልቱ በደንብ ሳይጠነክር ውድድሩ ደረሰ። በልምምድ ላይ ጎማዎቹ እየፈነቀሉ ያነሱት ጀመር፤ ሌሊቱን ቢጠግኑትም አልሆነም። ሾፌሮቹ በዚህ ላይ አንነዳም አሉ፣ የጁኑ ውድድርም ወደ ሴፕቴምበር ተዛወረ። ሜዳ አልበቃ ብሎ መሰደድ ለኛ አዲስ አይደለም፤ የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ በኋላ ዋልያዎቹ በ2022 ግብፅን 2 ለ 0 የረቱት ማላዊ ሄደው ነው። ለማንኛውም ሴፕቴምበር ላይ ትራኩ ተስተካክሎ ውድድሩ ሲካሄድ ያሸነፈው ሴና ነበር።

ከዚያ ማክላረን ገባና በ1988፣ በ1990 እና በ1991 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጠቅላላው 41 ድልና 65 ፖል ፖዚሽን አለው።

መልአክ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ1990 ጃፓን ሱዙካ ላይ አንደኛ ሆኖ የሚነሳበት ቦታ ቆሻሻ በበዛበት፣ ጎማ በማይዝበት የመንገዱ ጎን ላይ ሆነበት። ቦታው እንዲቀየርለት ጠየቀ፤ አልተፈቀደም። ፕሮስት ከንጹሑ ጎን ተነስቶ ሲቀድመው ሴና በመጀመሪያው ኩርባ ሆነ ብሎ ገጨው፣ ሁለቱም ወጡ፣ ሻምፒዮንነቱም የሴና ሆነ። በዓመቱ ሆን ብሎ እንዳደረገው ራሱ አመነ። በእኔ አስተያየት አቤቱታው ትክክል፣ መልሱ ግን ነውር ነበር። በዚያ ፍጥነት ሰው ሊሞት ይችል ነበር።

ይኸው ሰው በ1992 ስፓ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ታየ። ፈረንሳዊው ኤሪክ ኮማስ በልምምድ ላይ ተጋጭቶ ራሱን ስቶ ሞተሩ እየጮኸ ቀረ። ሴና መኪናውን አቁሞ ወረደ፣ መኪኖች በሚያልፉበት ትራክ ላይ ሮጦ ደርሶ እሳት እንዳይነሳ ሞተሩን አጠፋ፣ ሐኪም እስኪመጣ ድረስም የኮማስን ጭንቅላት ደግፎ ያዘ።

አሁን ወደ ጣሊያን፣ ወደ ኢሞላ እንሂድ። እዚያ ታምቡሬሎ የሚባል ፈጣን ኩርባ ነበር። ከአስፋልቱ ብዙም ሳይርቅ የኮንክሪት ግንብ፣ ከግንቡ ኋላ ወንዝ። በ1987 ኔልሰን ፒኬ እዚያ ተጋጨ። በ1989 የሴና ጓደኛ ጌርሃርድ በርገር ተጋጭቶ መኪናው በእሳት ተያያዘ፤ በተአምር ተረፈ። ሁለቱ ጓደኛሞች በኋላ ግንቡ ወደ ኋላ ይገፋ እንደሆን ሄደው አዩ፤ ወንዙን ሲያዩ የማይሆን ነው ብለው ተመለሱ። ማርች 1994 ሴና በአዲሱ ቡድኑ በዊልያምስ መኪና ለሙከራ ኢሞላ ሲመጣ ታምቡሬሎ ላይ ጉብታዎች እንዳሉ ለትራኩ ኃላፊዎች ነገረ። ጉብታዎቹ ተላጉ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፉም። ግንቡም እዚያው ነው።

ኤፕሪል 20 ፓሪስ ላይ ብራዚል ከፒኤስዠና ቦርዶ ጥምር ቡድን ጋር ስትጫወት የክብሩን ኳስ የመታው ሴና ነበር። አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

የኢሞላው ሳምንት ከመጀመሪያው ክፉ ነበር። አርብ ወጣቱ ሩበንስ ባሪኬሎ ክፉኛ ተጋጨ። ቅዳሜ ኦስትሪያዊው ሮላንድ ራትዘንበርገር ሞተ። ሴና አደጋው ቦታ ድረስ ሄዶ አየ። እሁድ ጠዋት ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ስለ ደህንነታቸው የሚከራከር ማኅበራቸውን መልሰው ሊያቋቁሙ ተነጋገሩ። ሜይ 1 ነበር፤ በኛ ሚያዝያ 23 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ እዚህ አገር ሰው ጾሙን ፈትቶ ፋሲካን የሚያከብርበት ቀን።

ገና ሲነሱ ግጭት ተፈጠረና መኪኖቹ ለበርካታ ዙር ሴፍቲ ካር ተከትለው ቀስ ብለው ነዱ። ጎማ ሲቀዘቅዝ የውስጡ አየር ግፊት ይቀንሳል፣ መኪናው ወደ መሬት ዝቅ ይላል፣ ሆዱም ጉብታውን ይመታል። በሰባተኛው ዙር የሴና መኪና ታምቡሬሎ ላይ መታጠፉን ትቶ ቀጥ ብሎ ወጣ። ፍሬን ቢይዝም ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ግንቡን መታ፤ ተሰብሮ የተመለሰ የሳስፔንሽን ብረት ሄልሜቱን በሳው። የዚያኑ ዕለት ቦሎኛ ሆስፒታል ሞተ። 34 ዓመቱ ነበር። በተሰባበረው መኪና ውስጥ የተጠቀለለ የኦስትሪያ ባንዲራ ተገኘ።

ምክንያቱ ዛሬም ያከራክራል። አንዳንዶች ጉብታውና የቀዘቀዘው ጎማ ነው ይላሉ። የጣሊያን ፍርድ ቤት ግን ተቆርጦ የተበየደው የመሪ ዘንግ መሰበሩን ነው የያዘው፤ በ2007 የቡድኑን የቴክኒክ ኃላፊ ተጠያቂ ቢያደርግም በይርጋ ምክንያት ቅጣት አልነበረም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የማይሆን የተባለው ነገር በዓመቱ ሆነ። ወንዙም ግንቡን ለመግፋት እንቢ እንዳለ ነው፤ ኩርባው ራሱ ተሰብሮ መኪና ፍሬን የሚይዝበት ቀርፋፋ ጠመዝማዛ ተደረገ፣ ጠጠርም ተነጠፈበት። በመኪናው ሆድ ሥር ጣውላ ተገጠመ፣ ሞተሩ ከ3.5 ወደ 3 ሊትር ወረደ። በኋላም ፈረንሳይ ፖል ሪካርድ ላይ ከትራኩ የወጣ መኪናን ጎማ ይዞ የሚያቆም ሻካራ፣ ሰማያዊና ቀይ ቀለም ያለው አስፋልት ተነጠፈ። ኢስታንቡል በ2020 አዲስ አስፋልቱ እንደ በረዶ ሲያንሸራትት በቀጣዩ ዓመት በኃይለኛ የውኃ ግፊት ታጥቦ ሻከረ።

ብራዚል ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ፕሮስት ነበር። ልክ በ11ኛው ሳምንት እሁድ፣ ጁላይ 17፣ ብራዚልና ጣሊያን ፓሳዴና ላይ ለዓለም ዋንጫ ተጋጠሙ። ያን ሌሊት በቴሌቪዥን ያዩ ታላላቆቻችን የሚያነሱት ሮቤርቶ ባጂዮ ፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ሰማይ ሰዶ አንገቱን መድፋቱን ነው። ከዚያ ቀጥሎ ግን የብራዚል ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ረጅም ጨርቅ ዘረጉ። የተጻፈበት የሴና ስም ነበር፤ አራተኛውን ዋንጫ ለእሱ ሰጡት።