የሽማግሌው ሊቅ መርፌ

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናስተዋውቃቸው ሊቅ ሻርል ኤድዋር ብራውን ሴካር፣ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1817 በሞሪሺየስ ደሴት ተወለዱ። አሜሪካዊው አባታቸው የመርከብ አዛዥ ነበሩ፤ የልጃቸውን መወለድ ሳያዩ ሞቱ። ልጁ በፓሪስ ሕክምና ተምረው ስለ ኅብለ ሰረሰር ባደረጉት ምርምር ስማቸው ገነነ። የገዛ ሰውነታቸውን መሞከሪያ ማድረግም ልማዳቸው ነበር።

በ1889፣ በ72 ዓመታቸው፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሳቸውን እየወጉ ጉልበታቸው እንደ ታደሰ በፓሪስ ለሊቃውንት ጉባኤ አስታወቁ። አንዳንዶች ሣቁባቸው። ስንፈተ ወሲብ ያሳፈራቸው ወንዶች ግን መርፌውን ፈለጉ፤ ብዙ ሐኪሞችም ሰጡ።

እኛ እንደሚመስለን ሊቁ አልዋሹም፤ ተስፋቸው አታለላቸው እንጂ። በ2002 አውስትራሊያውያን ተመራማሪዎች ያንኑ ፈሳሽ አዘጋጅተው ቢመረምሩት፣ የተገኘበት የወንድነት ሆርሞን ለሥራ የማይበቃ ኢምንት ነበር። ቴስቶስትሮን ተለይቶ የታወቀው በ1935 ነው፤ እርሱም የሚጠቅመው ሆርሞኑ ለጎደለው ሰው ነው። የብዙዎቹ ችግር የደም ሥር ነውና፣ ወደ ብልት የሚገባውን ደም የሚያበዛው ሲልዴናፊል የተባለው ኪኒን በአሜሪካ እስኪፈቀድ እስከ 1998 መጠበቅ ግድ ሆነ።

ብራውን ሴካር በ1894 ሲያርፉ፣ ሐኪሞች ፈሳሹን ገና ይወጉ ነበር።