በ528ኛው አሃዝ ላይ የተሰናከለው መምህር

ዊሊያም ሻንክስ በሁለት ነገር ይታወሳል፤ በትዕግሥቱና በስህተቱ።

እንግሊዛዊው ሻንክስ እ.ኤ.አ. በ1812 በኖርዘምበርላንድ ተወለደ። ከ1847 ጀምሮ ሃውተን ለ ስፕሪንግ በምትባል አነስተኛ ከተማ አዳሪ ትምህርት ቤት ይመራ ነበር። ከማስተማር የተረፈውን ጊዜ ለስሌት ሰጠው።

በዋነኛነት የደከመለት ቁጥር ፓይ ነው፤ የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚገኘው፣ አሃዙ ማለቂያ የሌለው ቁጥር። የተጠቀመበት ቀመር ጆን ማቺን በ1706 ያገኘው ነው። ቀመሩ አጭር፣ ሥራው ግን ረጅም ነው። 700 አሃዝ ለመድረስ 650 ያህል ክፍልፋዮችን አንድ በአንድ ማስላት፣ እያንዳንዱን በመቶዎች በሚቆጠሩ አሃዞች መጻፍ፣ ከዚያም መደመርና መቀነስ ያስፈልጋል። ሻንክስ የነበረው ወረቀትና ብዕር ብቻ ነው።

በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ 607 አሃዝ አቀረበ። በ1873 ደግሞ 707 አደረሰው። ሌሎች የሂሳብ ሰዎች እስከ 500ኛው አሃዝ ድረስ ለብቻቸው አስልተው ትክክለኛነቱን አረጋግጠዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ደግሞ ያሰላ አልነበረም። ኦገስተስ ዲ ሞርጋን የ1853ቱን አሃዞች ቆጥሮ፣ 61 ጊዜ ያህል ይገኛል ተብሎ የሚጠበቀው 7 ቁጥር 44 ጊዜ ብቻ መታየቱ አስገርሞት ነበር። ነገሩ በመገረም አለፈ።

ሻንክስ በ1882 ሞተ። በ1937 በፓሪስ የሳይንስ ሙዚየም አሃዞቹ በአንድ ክብ አዳራሽ ውስጥ ለጌጥ ተደረደሩ። በ1940ዎቹ አጋማሽ ግን ዲ.ኤፍ. ፈርጉሰን በሌላ ቀመር ሲያሰላ ውጤቱ 528ኛው አሃዝ ላይ ከሻንክስ ተለየ። የተሳሳተው ሻንክስ ነበር። ከዚያ አንስቶ ያሉት 180 አሃዞች ዋጋ አጡ፤ ሙዚየሙም በ1949 አሃዞቹን አረመ። በዚያው ዓመት ኤኒያክ የተባለው ኮምፒዩተር በ70 ሰዓት ገደማ 2,037 አሃዝ አሰላ።

የሻንክስን ድካም ዛሬ የሚሸከሙት ለግዙፍ ቁጥሮች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ናቸው። የተለመደው ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሙሉ ቁጥር ከ20 አሃዝ አይበልጥም። በ1991 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ጂ.ኤም.ፒ. የተባለው የፕሮግራም ስብስብ ትልቁን ቁጥር ከፋፍሎ ያስቀምጣል፤ ሻንክስ በወረቀት እንዳደረገው ከአንዱ ክፍል የተረፈውን ወደሚቀጥለው እያሻገረ ያሰላል።

ሆኖም ማሽንም ይሳሳታል። ለዚህም የጂ.ኤም.ፒ. አዘጋጆች ተጠቃሚው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አብሮ የመጣውን የፍተሻ ፕሮግራም እንዲያስኬድ አጥብቀው ይመክራሉ። የፓይ ክብረ ወሰን የሚያስመዘግቡትም ውጤታቸውን በሌላ ቀመር ያመሳክራሉ። ሻንክስ የጎደለው ትጋት አልነበረም። የጎደለው ከ500ኛው አሃዝ በኋላ ሥራውን በሌላ መንገድ የሚያይለት ሁለተኛ ሰው ነበር።