መሐንዲሱ ጠፈርተኛ ቭላዲሚር ኮማሮቭ (1927–1967)

የአንድ ሥራ ዝግጅት በእርግጥ ተጠናቀቀ የሚባለው መቼ ነው? በሞያችን ውስጥ ይህን ጥያቄ ያልተጋፈጠ ሰው አይገኝም። ድልድይ ለተሽከርካሪ ከመከፈቱ፣ ግድብ ውሃ መያዝ ከመጀመሩ፣ አዲስ መኪና በፋብሪካ ውስጥ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንድ ባለሞያ ፊርማውን ያኖራል። ከዚያ ፊርማ በስተጀርባ የምረቃው ቀን ተቆርጦ ይጠብቃል፤ የበላይ አካልም ይጠብቃል። የቭላዲሚር ሚኻይሎቪች ኮማሮቭ የሕይወት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የቀረበ ከባድ ምሳሌ ነው። ኮማሮቭ በጠፈር በረራ ላይ ሳለ ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው ሰው መሆኑ በሰፊው ይታወቃል። ነገር ግን መሐንዲስ እንደ ነበረና የሞተውም ሁለት መንኮራኩሮችን በጠፈር ውስጥ ለማገጣጠም፣ በዚህም ለጠፈር ጣቢያ ግንባታ መሠረት ለመጣል በተነሣበት ተልእኮ እንደ ነበር እምብዛም አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮማሮቭ መጋቢት 16 ቀን 1927 በሞስኮ ከተማ ከሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ጦርነቱ ሶቪየት ኅብረትን ባዳረሰበት በ1942፣ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በሞስኮ ወደ ነበረው ልዩ የአየር ኃይል ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርቱን በ1945 ሲፈጽም ጦርነቱም አበቃ። ሥልጠናውን ቀጥሎ በ1949 የአብራሪነት ማዕረግ ተቀበለ፤ በሰሜን ካውካሰስም በተዋጊ አውሮፕላን አብራሪነት አገለገለ። ማብረር ብቻውን ግን አላረካውም። የሚያበረውን መሣሪያ አሠራር ከሥሩ ለማወቅ ስለ ፈለገ በሞስኮ በሚገኘው የዡኮቭስኪ የአየር ኃይል ምሕንድስና አካዳሚ ገብቶ በ1959 ተመረቀ። ከዚያም አዳዲስ የአውሮፕላን መሣሪያዎችን በመፈተሽ ሥራ ላይ ተመደበ።

በ1960 የመጀመሪያዎቹ 20 የሶቪየት ጠፈርተኞች ሲመረጡ ኮማሮቭ ከእነርሱ አንዱ ሆነ። ከአብዛኞቹ ጓደኞቹ በዕድሜ ይበልጥ ነበር፤ በምሕንድስና ከፍተኛ ትምህርት ከነበራቸው ጥቂቶችም አንዱ ነበር። መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልሆነለትም። ሥልጠናው እንደ ተጀመረ ቀዶ ጥገና ስላስፈለገው ለወራት ከከባድ ልምምድ ተገለለ። በኋላም በልቡ አመታት ላይ መዛባት በመታየቱ ከበረራ ሊሰረዝ ደርሶ ነበር። ሆኖም በትዕግሥት ሐኪሞቹን አሳምኖ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጥቅምት 12 ቀን 1964 ቮስኾድ 1 የተባለችውን መንኮራኩር በአዛዥነት ይዞ ወደ ጠፈር ወጣ። አብረውት የተጓዙት መሐንዲሱ ኮንስታንቲን ፌዎክቲስቶቭና ሐኪሙ ቦሪስ የጎሮቭ ነበሩ። ከአንድ ሰው በላይ የያዘች የመጀመሪያይቱ መንኮራኩር ይህች ናት። ይሁን እንጂ ቮስኾድ ለአንድ ሰው ከታቀደችው ከቮስቶክ የተሻሻለች በመሆኗ ሦስቱ ሰዎች የጠፈር ልብስ እንኳ ለመልበስ የሚበቃ ስፍራ አልነበራቸውም። በረራው ከአንድ ቀን ጥቂት በልጦ በሰላም ተፈጸመ። በዚህ የተገኘው ድል ታላቅ ቢሆንም፣ መልካም ውጤት አደገኛ ውሳኔን ትክክለኛ አስመስሎ ሊያሳይ እንደሚችል ዛሬ ላይ ሆኖ መገንዘብ አያዳግትም።

ቀጣዩ ሥራ ፈጽሞ አዲስ የሆነችው ሶዩዝ ነበረች። ሶዩዝ በሩሲያ ቋንቋ ኅብረት ማለት ሲሆን ስያሜው ከዓላማው ጋር ይስማማል፤ መንኮራኩሯ በጠፈር ውስጥ ከሌላ መንኮራኩር ጋር እንድትያያዝ ታስባ የተሠራች ናትና። ያለዚህ ጥበብ ከመሬት በአንድ ጊዜ ሊወጣ የማይችለውን ትልቅ የጠፈር ጣቢያ በክፍል በክፍል መገንባትም ሆነ በሠራተኞች ማፈራረቅ አይቻልም። የተልእኮው ዕቅድ የሚከተለው ነበር። ኮማሮቭ በሶዩዝ 1 ብቻውን ይወጣል፤ በማግሥቱ ቫሌሪ ቢኮቭስኪ፣ አሌክሲ የሊሴየቭና የቭጌኒ ኽሩኖቭ በሶዩዝ 2 ይከተሉታል። ሁለቱ መንኮራኩሮች ከተያያዙ በኋላ የሊሴየቭና ኽሩኖቭ በውጭ በኩል ተሻግረው ከኮማሮቭ ጋር ወደ መሬት ይመለሳሉ። የኮማሮቭ ተጠባባቂ ሆኖ የሠለጠነው ዩሪ ጋጋሪን ነበር።

ሠልጣኞቹ ረጅም ጊዜ የፈጀ ዝግጅት አድርገዋል። የመገጣጠሙን ሥራ መሬት ላይ ባለ የመለማመጃ መሣሪያ ደጋግመው ተለማመዱ። ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው መሻገርን ደግሞ ቱ-104 በተባለው አውሮፕላን ውስጥ፣ ክብደት አልባነት በሚፈጠርባቸው አጫጭር ቅጽበቶች ሞከሩት። በልምምዱም የመውጫው በር የጠፈር ልብስ ለለበሰና የአየር ማደሻ ሣጥን ለተሸከመ ሰው ጠባብ እንደ ሆነ ተረጋገጠ። ስለዚህ ሣጥኑ ከጀርባ ወርዶ ከእግር ጋር እንዲታሰር ተደረገ። በወረቀት ላይ የተስተካከለ የመሰለውን ሥራ ሰው ገብቶበት መፈተሽ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

የመንኮራኩሯ ዝግጅት ግን ከሰዎቹ ዝግጅት ጋር እኩል አልተራመደም። የሥራው መሪ ሰርጌይ ኮሮልዮቭ በጥር 1966 ሞቶ ቫሲሊ ሚሺን ተተክቶ ነበር። በኅዳር 1966 ሰው ሳይዝ የተላከው የመጀመሪያው ሶዩዝ አቅጣጫውን መቆጣጠር ስላቃተው ሲመለስ በራሱ ፈንጂ ወደመ። በታኅሣሥ የተዘጋጀው ሁለተኛው ከማስወንጨፊያው ሳይነሣ ሞተሩ ጠፋ፤ ከዚያም የመሬትን መዞር የሮኬቱ መዘንበል አድርጎ የቈጠረው የመቆጣጠሪያ መሣሪያ የነፍስ አድን ሮኬቱን በማስነሣቱ እሳት ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በየካቲት 1967 የተላከው ሦስተኛው በሙቀት መከላከያ ጋሻው ላይ ቀዳዳ ተቃጥሎበት በአራል ባሕር በረዶ ላይ አርፎ ሰጠመ። ከሦስቱ ሙከራዎች አንዱም እንኳ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የተሳካ አልነበረም። ያም ሆኖ የእያንዳንዱ ብልሽት ምክንያት ታውቆ ታርሟል በሚል እምነት፣ ደግሞም ከአሜሪካ ጋር በነበረው ፉክክርና በበዓላት መቃረብ ግፊት፣ ቀጣዩ በረራ ሰው እንዲይዝ ተወሰነ።

ሶዩዝ 1 ሚያዝያ 23 ቀን 1967 ንጋት ላይ ከባይኮኑር ተወነጨፈች። ምሕዋሯን እንደ ያዘች ከሁለቱ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎች ግራው ሳይዘረጋ ቀረ። በዚህ የተነሣ የኤሌክትሪክ ኃይል አነሰ፤ አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያዎችም በሚገባ አልሠሩም። የሶዩዝ 2 ጉዞ ተሰረዘ፤ ኮማሮቭም እንዲመለስ ታዘዘ። መንኮራኩሯን በራስ ሰር ለማስተካከል የተደረገው ሙከራ ባለመሳካቱ በሥልጠና ባልተለማመደው ዘዴ በእጁ አቅጣጫ አስይዞ የማቀዝቀዣ ፍሬኑን ያህል የሚያገለግለውን ሞተር በትክክለኛው ሰዓት አስነሣ። ይህ የአብራሪነትና የምሕንድስና ዕውቀት የተዋሐዱበት ከፍተኛ ተግባር ነበር። መንኮራኩሯም ከባድ የሆነውን የከባቢ አየር ጉዞ በደኅና አለፈች።

ከዚያ በኋላ ግን የሰው እጅ ሊደርስበት የማይችል ስፍራ ላይ ችግር ደረሰ። ትንሹ ጎታች ፓራሹት ቢከፈትም ዋናውን ፓራሹት ከሣጥኑ መዝዞ ማውጣት አልቻለም። ተጠባባቂው ፓራሹት ሲለቀቅ ከጎታቹ ጋር ተጠላልፎ ሳይነፋ ቀረ። መንኮራኩሯ ሚያዝያ 24 ቀን ማለዳ በኦርንቡርግ ክፍለ ሀገር፣ በኦርስክ ከተማ አቅራቢያ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት መሬቱን መታች፤ በእሳትም ተቃጠለች። ኮማሮቭ በዚያው ሞተ። ዕድሜው 40 ዓመት ነበር።

የመርማሪዎቹ ግኝት ለእኛ ሞያ ሰዎች በጥሞና ሊጤን ይገባዋል። የፓራሹቱ ሣጥን ክዳን ሲከፈት ውስጡ ለውጭው ስስ አየር ይጋለጣል፤ በመንኮራኩሯ ውስጥ ያለው አየር ግን የመሬትን ያህል ግፊት አለው። ይህ የግፊት ልዩነት የሣጥኑን ግድግዳ ወደ ውስጥ ገፍቶ የታጨቀውን ፓራሹት ቆንጥጦ ያዘው። ታዲያ በቀደሙት ሙከራዎች ይህ ለምን አልታየም? የመጀመሪያው መንኮራኩር ለማረፍ አልበቃም፤ ሁለተኛው አልበረረም። በሦስተኛው ደግሞ በጋሻው ቀዳዳ በኩል አየር ስላመለጠ የግፊቱ ልዩነት ጠፍቶ ፓራሹቱ ያለ ችግር ወጣ። አንዱ ብልሽት ሌላውን ብልሽት ሸፈነው ማለት ነው። ቀዳዳው ሲደፈን የተሰወረው አደጋ ነፃ ወጣ። በሶዩዝ 2 ላይ የነበረው ሣጥንም በዚያው ንድፍ የተሠራ ስለ ነበር ሦስቱም ሰዎች ለዚሁ አደጋ ይጋለጡ ነበር።

ከአደጋው በኋላ ሣጥኑ ሰፋ፤ ግድግዳው ጠነከረ፣ ውስጡም ለሰለሰ፤ የፓራሹቱ አስተጣጠፍ በየደረጃው በፎቶግራፍ እንዲመዘገብ ተደረገ። ሰው ሳይዙ የተላኩ መንኮራኩሮች በጥቅምት 1967 በራስ ሰር ተያያዙ። ኮማሮቭ የጀመረው ዕቅድ የተፈጸመው ጥር 16 ቀን 1969 ሲሆን ከሶዩዝ 5 ወደ ሶዩዝ 4 በውጭ የተሻገሩት እነዚያው የሊሴየቭና ኽሩኖቭ ነበሩ። በ1971 ሳልዩት 1 የተባለው የመጀመሪያው የጠፈር ጣቢያ ምሕዋር ያዘ። በ2000 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የተጓዙት የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎችም የሄዱት በሶዩዝ ነበር።

የኮማሮቭ አጽም አመድ በክሬምሊን ግንብ ውስጥ ዐርፏል። በ1971 የአፖሎ 15 ጠፈርተኞች በጨረቃ ላይ ባስቀመጡት የመታሰቢያ ጽሑፍ ላይም ስሙ ከሌሎች ሰማዕታተ ጠፈር ጋር ሰፍሯል። ይህ ሁሉ የሚገባው ክብር ነው። በሞያ ባልደረቦቹ በኩል የሚቀርብለት መታሰቢያ ግን ከዚህ የተለየ መሆን ይኖርበታል። የሠራተኛው ብቃት የመሣሪያውን ጉድለት እስከ ተወሰነ ደረጃ ሊሸፍን ይችላል፤ ኮማሮቭም ይህን በተግባር አሳይቷል። የፓራሹቱ ሣጥን ግን ብቃቱ ሊደርስበት ከሚችለው ወሰን ውጭ ነበር። ያንን ሊያድን ይችል የነበረው ከመነሻ እስከ መድረሻ የተሳካ አንድ ሙከራ እስኪገኝ ድረስ ቀኑን ማስተላለፍ ብቻ ነበር። ፊርማ በእጃችን ያለ ሁሉ ቀን የማስተላለፍ ኀላፊነትም አብሮ በእጃችን እንዳለ አንዘንጋ።