ደጃዝማች በላይ ዘለቀና የሞት ፍርዱ

በዲማ ያደገ ሰው ሁሉ የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ሳይሰማ አይቀርም፤ ቢቸና ጎረቤታችን ነውና። እኔም ታሪኩን ባጭሩ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

በላይ ከመኳንንት ወገን አልነበረም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ ገበሬውን አስከትሎ እስከ ነጻነት ድረስ ተዋጋ። ለጭፍሮቹ እስከ ራስነት ማዕርግ ሲሰጥ፥ ለራሱ ግን እናቱ በላይ ብላ ስለ ሰየመችው ሌላ ማዕርግ አላሻውም ይባላል። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ከድል በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ቢቸናን ገዛ። ዳሩ ግን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሸፈተ፤ ተይዞም ሞት ተፈረደበት። ከወህኒ ቤት አምልጦ እንደገና ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ የጠላት ባንዳ ነበር፤ አርበኛና ባንዳ በአንድ መስቀያ! ለጣሊያን የገቡት የንጉሥ ልጅ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ግን በቁም እስር ኖሩ እንጂ ገመድ አልደረሰባቸውም።

በእንግሊዝ አገር እንዲህ ባለው ከባድ ክስ ከሕዝብ የተመረጡ 12 ሰዎች ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን ይወስናሉ። በእኛ አገር ያን ጊዜ ዳኞች ፈረዱ፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሠ ነገሥቱ ነበር። 12 የቢቸና ገበሬዎች ለዚያ ፍርድ ተቀምጠው ቢሆን፥ መሸፈቱን ባይክዱም፥ ለስቅላት አሳልፈው የሚሰጡት አይመስለኝም።