ጆሴፍ ሄንሪ

ጆሴፍ ሄንሪ (ዲሴምበር 17 ቀን 1797 – ሜይ 13 ቀን 1878 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነበር። በተለይ የሚታወቀው የራስ ኢንደክሽን የተባለውን የኤሌክትሪክ ጠባይ በማግኘቱና ለሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሮማግኔት ለሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ መሠረት በመጣሉ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የወጣትነት ዘመኑ

ሄንሪ በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በአልባኒ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደ። የልጅነቱን ከፊል ጊዜ ከአያቱ ዘንድ ኖረ፤ ከዚያም ከሰዓት ሠሪና ብር አንጥረኛ ዘንድ ሙያ ለመማር ገባ። በ1819 በአልባኒ አካዳሚ ያለ ክፍያ መማር ጀመረ፤ በ1826 ደግሞ በዚያው የሒሳብና የተፈጥሮ ፍልስፍና መምህር ሆነ።

የምርምር ሥራው

ከእርሱ በፊት የነበሩት ኤሌክትሮማግኔቶች ባዶ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ስለነበሩ ደካሞች ነበሩ። ሄንሪ ሽቦውን በጨርቅ ሸፍኖ ደራርቦ ጠመጠመው። በ1831 ለየል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ያነሣ ነበር።

ረጅም ጥቅል ሽቦ ከባትሪ ሲለያይ ብርቱ ብልጭታ እንደሚሰጥም አስተዋለ። ምክንያቱ በሽቦው ዙሪያ ያለው የማግኔት መስክ ሲጠፋ የኤሌክትሪክ ጅረቱ እንዳይቋረጥ መግፋቱ ነው። በማስተማር ሥራ ስለተጠመደ ውጤቱን ያሳተመው በ1832 ነበር። በዚህም የተነሣ የኢንደክሽን ግኝት ቀድሞ ላሳተመው ለማይክል ፋራዳይ ተሰጠ፤ የራስ ኢንደክሽን ግን ለሄንሪ ቀረ።

ሪሌይ

ሄንሪ በ1832 ወደ ፕሪንስተን ተዛወረ። በዚያም በ1835 ገደማ ከሩቅ በሚመጣ ደካማ ጅረት ትንሽ ማግኔት አንቀሳቅሶ የትልቁን ማግኔት መስመር በማቋረጥ፣ የተንጠለጠለው ሸክም ሲወድቅ ለተማሪዎቹ አሳየ። ለዚህ የፈጠራ መብት አላስመዘገበም። በኋላ ከቴሌግራፍ ባለቤቱ ከሳሙኤል ሞርስ ጋር በቀዳሚነት ጉዳይ ተከራክሯል።

ሄንሪ ያየው ብልጭታ ዛሬም ትናንሽ ሪሌዮች በምን ያህል ፍጥነት እንደሚጠፉ ይወስናል። የሪሌዩ ጅረት ሲቋረጥ ጥቅል ሽቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚፈጥር የሚያዝዘውን ትራንዚስተር ሊያቃጥል ይችላል። ይህን ለመከላከል ከጥቅሉ ጎን ዳዮድ ይገጠማል። ነገር ግን ጅረቱ በዳዮዱ በኩል እየዞረ ቀስ ብሎ ስለሚሞት ሪሌዩ ዘግይቶ ይለቃል፤ መገናኛዎቹም ቀስ ብለው ሲለያዩ በቅስት ይጎዳሉ። ከዳዮዱ ጋር ዜነር ዳዮድ በተከታታይ ቢገባ ቮልቴጁ እስከ ተወሰነ ልክ ከፍ ይላል፤ ጅረቱም ቶሎ ይጠፋል። ስለዚህ ፈጣን ማጥፋት የሚፈልግ ሰው ከፍ ያለ ቮልቴጅ የሚችል ትራንዚስተር መምረጥ አለበት።

የመጨረሻ ዘመኑና መታሰቢያው

በ1846 የስሚዝሶኒያን ተቋም የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያ ሥራ ቆየ። በቴሌግራፍ የአየር ሁኔታ ዜና የሚሰበሰብበትን ዘዴም አደራጀ። በዋሽንግተን ከተማ አረፈ። በ1893 በቺካጎ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የኢንደክታንስ መለኪያ «ሄንሪ» እንዲባል ወሰነ።