ሰይድ ሙሽታቅ ዓሊ፦ በማንቸስተር መቶ የደፈነው የኢንዶር ልጅ

ዛሬ ታሪኩን ይዘንላችሁ የቀረብነው ሰው ዓሊምም የጦር መሪም አይደለም፤ የክሪኬት ተጫዋች ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የኖረ ወገናችን ይህን ጨዋታ በዐይኑ ያውቀዋል። ጁሙዓ ጠዋት የሕንድ፣ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ባገኙት ባዶ ሜዳ ላይ ሲጫወቱት አይቷል። ላላየው ግን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የሙሽታቅ ዓሊ ሥራ ትልቅነቱ አይታይም።

ወርዋሪው ጠንካራ ኳስ ይወረውራል። መቺው ከኋላው የተተከሉትን ሦስት እንጨቶች እየጠበቀ ኳሷን በጠፍጣፋ መምቻ ይመታታል። ኳሷ ተመልሳ እስክትመጣ ድረስ እሱና ከወዲያ ጫፍ ያለው ጓደኛው ቦታ እየተለዋወጡ ይሮጣሉ፤ እያንዳንዱ ምልልስ 1 ነጥብ ነው። ኳሷ የሜዳውን ጠርዝ ካለፈች 4፣ መሬት ሳትነካ ካለፈች 6 ይቆጠራል። ሁለቱ ሯጮች ሳይግባቡ ቀርተው አንዱ መንገድ ላይ ሳለ እንጨቱ በኳስ ከተመታበት ከጨዋታው ይወጣል። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን። በአገሮች መካከል የሚደረገው፣ ለቀናት የሚዘልቀው ጨዋታ ቴስት ይባላል፤ በቴስት አንድ መቺ ብቻውን 100 ነጥብ ከሞላ ዕድሜ ልኩን የሚጠራበት ታሪክ ሠራ ማለት ነው። ቡድኑን ቀድመው የሚገቡት ሁለቱ ከፋቾች አዲስና ፈጣን ኳስ ስለሚገጥማቸው በዚያ ዘመን ሥራቸው መታገሥና መከላከል ነበር። ሙሽታቅ ዓሊ ግን ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ የሚያጠቃ ከፋች ነበር።

ሰይድ ሙሽታቅ ዓሊ የተወለደው በመካከለኛው ሕንድ በኢንዶር ከተማ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 1914 ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኢንዶር የሆልካር ልዑላን መቀመጫ ነበረች። በዘመኑ የሕንድ ክሪኬት አውራ የነበረው ሲ. ኬ. ናዩዱ እዚያው ይኖር ነበርና ገና ልጅ ሳለ ችሎታውን አይቶ አቀረበው፤ ጨዋታውንም ያስያዘው እሱ ነው። ናዩዱ ሂንዱ ነው፤ ደቀ መዝሙሩ ሙስሊም። በኢንዶር ሜዳ ይህ ማንንም አላስጨነቀም።

የሚያስገርመው ሙሽታቅ ለሕንድ ቡድን መጀመሪያ የተመረጠው በመቺነት አለመሆኑ ነው። ጥር 1934 በካልካታ ኤደን ጋርደንስ ሜዳ እንግሊዝን ሲገጥሙ የ19 ዓመቱ ወጣት የገባው በግራ እጁ ቀስ ያለ ኳስ የሚወረውር ወርዋሪ ሆኖ ነበር። በዚያ ጨዋታ የጣለው የእንግሊዙን አለቃ ዳግላስ ጃርዲንን ነው፤ ከአንድ ዓመት በፊት ወርዋሪዎቹ የአውስትራሊያ መቺዎችን ሰውነት እንዲያነጣጥሩ አድርጎ ሁለቱን አገሮች ሊያቃቅር የነበረውን ያንኑ ጃርዲንን። በግራ የሚወረውረው ልጅ ሲመታ ግን በቀኝ ነው። ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከኋላ ተነሥቶ የቡድኑ ከፋች ሆነ።

ክረምት 1936 የሕንድ ቡድን ወደ እንግሊዝ ተጓዘ። ሕንድ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ናት። የቡድኑ አለቃ የቪዚያናግራም ልዑል ሲሆን ሹመቱን ያገኘው በጨዋታ ችሎታው ሳይሆን በሀብቱና በወዳጆቹ ብዛት ነው። ቡድኑም በአንጃ ተከፋፈለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ለሕንድ በቴስት መቶ የደፈነ ብቸኛ ሰው ላላ አማርናዝ ነበር፤ እሱንም አለቃው ከመጀመሪያው ቴስት በፊት በመርከብ ወደ አገሩ መለሰው። ሁለተኛው ቴስት ሐምሌ 25 ቀን በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ሲጀመር የሕንዶቹ ሁኔታ ይህን ይመስል ነበር።

ሕንድ መጀመሪያ ገብታ በ203 ነጥብ አለቀች። ሙሽታቅ 13 ላይ ሳለ የመታት ኳስ ከወዲያ ጫፍ የነበረውን ጓደኛውን የቪጃይ መርቻንትን መምቻ ነክታ አቅጣጫዋን ቀየረች፤ ሙሽታቅ መንገድ ላይ ቀርቶ ወጣ። ጥፋቱ የማንም አልነበረም። ስለዚህ ጨዋታ በክሪኬት ዓለም በሰፊው የሚነገረው ግን ከዚህ የከፋ ነገር ነው። አለቃው ከመርቻንት ጋር ስለተጣላ ለሙሽታቅ የወርቅ ሰዓት ሰጥቶ፣ በሩጫ አደናግሮ መርቻንትን እንዲያስወጣው ጠይቆት ነበር ይባላል። ወጣቱ ምን አደረገ? በቀጥታ ሄዶ ለመርቻንት ነገረው፤ ሁለቱም ሳቁበት።

የሁለቱ ሰዎች አመጣጥ ሲታይ ይህ ሳቅ ትንሽ ነገር አይደለም። በቦምቤይ በየዓመቱ የሚደረገው የአገሪቱ ትልቁ ውድድር ቡድኖቹን በሃይማኖትና በዘር የከፈለ ነበር፦ የሂንዱዎች፣ የሙስሊሞች፣ የፓርሲዎች፣ የአውሮፓውያን፤ ከ1937 ጀምሮ ደግሞ የቀሩት ሁሉ የሚካተቱበት አምስተኛ ቡድን። መርቻንት ለሂንዱዎቹ፣ ሙሽታቅ ለሙስሊሞቹ ይሰለፉ ነበር። ጋንዲ በ1940 ውድድሩን ተቃወመ፤ ከ1946 በኋላም ተቋረጠ። በቦምቤይ ተቃራኒ፣ በውጭ አገር ግን ጎን ለጎን የሚገቡ ሁለት ሰዎች ናቸው እንግዲህ።

ሐምሌ 27 ሰኞ ነው። እንግሊዞች በዚያ ቀን ብቻ 398 ነጥብ ጨምረው 571 ላይ በቃን አሉ። ሕንድ በ368 ትመራለች። አመሻሹ ላይ ሙሽታቅና መርቻንት ገቡ። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ቡድን ከፋቾቹን የሚያዝዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ምሽት ቆማችሁ ጠብቁ ይላቸዋል። መርቻንት በዚህ የተካነ ነው። ሙሽታቅ ግን የፈጣኖቹን ወርዋሪዎች ኳስ ከመስመሩ ወጥቶ፣ ወደ ፊት እየተራመደ ይመታ ጀመር። የራስ ቁር በሌለበት ዘመን ይህ ድፍረት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው። ከቀኝ በኩል የምትመጣውን ኳስ አንጓውን አዙሮ ወደ ግራ ይልካታል፤ ወርዋሪው ሰዎቹን ወደ ግራ ሲያዛውር ወደ ቀኝ ይመታል። ወደ መቶ ሲቃረብ የእንግሊዙ ታላቅ ተጫዋች ዋልተር ሐሞንድ ጠጋ ብሎ ተረጋግቶ መቶውን እንዲሞላ መከረው። ባላጋራ ለባላጋራ እንዲህ የሚመክርበት ጊዜ ብዙ አይደለም። ሙሽታቅ ከምሽቱ በፊት መቶውን ደፈነ፤ ጨዋታው ሲቆም 106 ላይ ነበር፤ ሕንድም አንድ ሰው ሳይወጣባት 190።

በዚያ አንድ ቀን የተቆጠረው 588 ነጥብ በቴስት ታሪክ በአንድ ቀን የተቆጠረ ከፍተኛው ነው፤ እስካሁን አልተሰበረም። በማግስቱ ሙሽታቅ በ112 ሲወጣ የሁለቱ ጥምረት 203 ደርሶ ነበር፤ ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር በሙሉ ያገኘውን ያህል ማለት ነው። መርቻንት 114 ሞላ። ጨዋታውም አቻ ተለያየ።

ከዚያ በፊት ሕንዳውያን በእንግሊዝ ምድር በቴስት መቶ አልሞሉም ማለት አይደለም። ልዑል ራንጂትሲንጂ በዚሁ ሜዳ በ1896 ሞልቷል፤ የተሰለፈው ግን ለእንግሊዝ ነበር። ለሕንድ ተሰልፎ ከአገሩ ውጭ መቶ የደፈነ የመጀመሪያው ሰው ከኢንዶር የመጣው የ21 ዓመቱ ሙስሊም ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ልብ ይሰብራል። የዓለም ጦርነት መጣና ሕንድ ከ1936 እስከ 1946 አንድም ቴስት ሳትጫወት ቀረች። የአንድ መቺ ምርጥ ዕድሜ ከ21 እስከ 31 ነው ብንል ሙሽታቅ ያንን በሙሉ አጣው። በአገር ውስጥ ግን አልቦዘነም። በ1945 የራንጂ ዋንጫ ፍጻሜ ለሆልካር ተሰልፎ ቦምቤይን ሲገጥም በሁለቱም ዙር መቶ ሞልቷል፤ 109 እና 139። ቡድኑ ግን ተሸነፈ።

በዚያው ዓመት መገባደጃ የአውስትራሊያ ጦር ቡድን ካልካታ ሲመጣ መራጮቹ ሙሽታቅን ተዉት። የከተማው ሕዝብ ይህን ሲሰማ ተቆጣ፤ ወጥቶም ከመራጮቹ አንዱ የነበረውን ዱሊፕሲንጂን ከበበው፤ ሙሽታቅ ከሌለ ጨዋታ የለም አለ። መራጮቹ ተሸንፈው መለሱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን። እኛ ሙስሊሞች ሙሽታቅን የእኛ ብለን መጥራት እንወዳለን፤ መብታችንም ነው። ዱሊፕሲንጂን የከበበው ሕዝብ ግን ሙስሊም ስለሆነ አልጠራውም፤ አብዛኛው የካልካታ ነዋሪ ሂንዱ ነው። የጠራው በጨዋታው ስለወደደው ነው። ዓመት ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1946፣ በዚያችው ከተማ ሂንዱና ሙስሊም ተላልቆ በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ።

በ1946 ጥንዶቹ እንደገና ኦልድ ትራፎርድ ገብተው 124 ነጥብ አብረው ሠሩ። በዓመቱ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። በዚያ ጉዞ የቡድኑ አባል የነበረው አብዱል ሐፊዝ ካርዳር የፓኪስታን የመጀመሪያው የቴስት አለቃ ሆነ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በሄዱት ላይ የምንፈርድበት ምክንያት የለንም። ሙሽታቅ ግን ኢንዶር ቀረ።

ታኅሣሥ 31 ቀን 1948 ዌስት ኢንዲስ በካልካታ ኤደን ጋርደንስ ተሰለፈች። ሙሽታቅ 34 ዓመቱ ነው፤ ከተማዋም ገና ከእልቂቱ አላገገመችም። በመጀመሪያው ዙር 54፣ በሁለተኛው 106 አገኘ። ክሪኬት የሚከታተል ሰው ያንን ጨዋታ የሚያስታውሰው ኤቨርተን ዊክስ በተከታታይ አምስተኛ መቶውን የሞላበት ስለሆነ ነው፤ እሱም ያልተሰበረ ታሪክ ነው። የሙሽታቅ መቶ በዚያ ጥላ ተሸፈነች። ሕንድ ግን 431 እንድታሳድድ ተጠይቃ ሦስት ሰው ብቻ ወጥቶባት 325 ላይ በአቻ ጨረሰች።

የመጨረሻ ቴስቱ በየካቲት 1952 በማድራስ የተደረገው ነው። 22 ነጥብ ብቻ ነው ያስመዘገበው፤ ሕንድ ግን ቴስት መጫወት ከጀመረች በ20 ዓመቷ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው በዚያ ጨዋታ ነው፤ እንግሊዝን አሸንፋ።

ስሌቱን እናስቀምጥ። 11 ቴስት፣ 612 ነጥብ፣ 2 መቶ፣ አማካይ 32.21። በሁሉም ከፍተኛ ደረጃ ጨዋታዎች ሲደመር ከ13,000 በላይ ነጥብና 30 መቶ። ዛሬ በአንድ ዓመት ብቻ ከ11 ቴስት በላይ የሚጫወቱ አሉ፤ ቁጥሩን ከእነሱ ጋር የሚያስተያይ ሰው ሙሽታቅን መካከለኛ መቺ ሊለው ይችላል። እኛ ያ ሚዛን ትክክል አይመስለንም። አሥር ዓመት የተሰረቀበትን፣ መራጮች በየጊዜው ያወላወሉበትን፣ ለራሱ ቁጥር ብሎ አጨዋወቱን ያልቀየረን ሰው በአማካይ መመዘን ግማሹን ብቻ ማየት ነው። መራጮቹም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ እንዲህ የሚመታ ሰው ቶሎ የሚወጣባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

መንግሥት በ1964 የፓድማ ሽሪ ሽልማት ሰጠው። ልጁ ጉልሬዝ ዓሊና የልጅ ልጁ አባስ ዓሊም በዚሁ ጨዋታ ቀጠሉ። ሰኔ 18 ቀን 2005 በተወለደባት ኢንዶር በ90 ዓመቱ ወደ አኼራ ሄደ፤ አላህ ይዘንለት። የሕንድ ክሪኬት ቦርድ በኋላ በክፍላተ አገር ቡድኖች መካከል የሚደረገውን አጭሩን፣ በ20 ዙር ውርወራ የሚያልቀውን ውድድር የሰይድ ሙሽታቅ ዓሊ ዋንጫ ብሎ ሰየመው። በዚያ ውድድር ከፋቾች ከመጀመሪያዋ ኳስ ጀምሮ ወደ ፊት ወጥተው ይመታሉ፤ ማንም አይገርመውም።